አበላሸና ተበላሸ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በመጋቢት፣ መካነ ሰላም ላይ ዝናብ ጣለ። ሁለት ዓመት ሙሉ መስጊዱ ዱዓ ሲያደርግበት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ምሕላ ሲይዝበት የኖረ ዝናብ ነው። ሲመጣ ግን የሚደሰትበት ጉልበት ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ከቆላው የወጣው ችግረኛ የገበያውን ዳር ሞልቶት ነበርና ዝናቡ የወረደው በእነዚያ በተኮራመቱ ሰዎች ላይ ነው። የከተማውም ሰው በየደጁ ቆሞ አየው።

የእንግሊዝኛ አስተማሪው በሽርም ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አይቶታል። የወግዲ ሰው ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ቁመቱ ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ ሰው። በዚያ ዓመት ክፍሉ ውስጥ ከቀሩት ተማሪዎች ባዶው አግዳሚ ይበዛ ነበር። የቀሩትም ረሃባቸውን ይዘው ይመጡና ክፍለ ጊዜው ሳይጋመስ ጠረጴዛው ላይ ይደፋሉ፤ እሱም አይቀሰቅሳቸውም። ከሰዓት በኋላ ሌላ ሥራ ነበረው። የእርዳታ ሰዎች ከደሴ በመጡ ቁጥር አስተርጓሚ ሆኖ የሚጠራው እሱ ነው። የእናቶችን እሮሮ ወደ እንግሊዝኛ፣ የፈረንጆችን ጥያቄ ወደ አማርኛ ሲያመላልስ ይውልና ቤቱ ሲገባ፣ ሚስቱ ዓሊማ ስታናግረው በየትኛውም ቋንቋ መመለስ ያቅተው ነበር።

«አብሽር፣ ያልፋል» ትለዋለች።

«ኢንሻአላህ» ይላል።

ዝናቡ በጣለ በሳምንቱ ሚስተር ሄንክ የሚባል ፈረንጅ መጣ። አቀስታ ላይ መኪናው ጭቃ ይዞት አድሯል፤ ሆዱንም እያመመው ነበር። የመጣው በመጋዘን ያለውን የእርዳታ ስንዴ ለማየት ነው። የአውራጃው ሹም ፊታውራሪ ክንፈ ካባቸውን ደርበው፣ ጸሐፊያቸውን አባተን አስከትለው ተቀበሉት። በሽርም ተጠርቶ መጣ።

የመጋዘኑ ጠባቂ አቶ ውበቱ ይባላሉ፤ ሃምሳን የተሻገሩ፣ ዝምተኛ ገበሬ ነበሩ። ድርቁ በሬዎቻቸውን ከጨረሰ በኋላ ነው ጥበቃ የገቡት። በሩን ሲከፍቱት ሽታው ቀድሞ ወጣ። ጣራው በአንድ ወገን ተበሳስቷል፤ ውሃው ግድግዳውን ይዞ ወርዶ ወለሉ ላይ አቁሯል። አቶ ውበቱ አንዱን ጆንያ ጎትተው አፉን ፈቱት። ስንዴው ተጋግሮ፣ ሻጋታው አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ሌላ ፈቱ፤ ያው ነው። ሌላም ፈቱ።

ሄንክ እጁን አስገብቶ ዘግኖ አሸተተና መልሶ ጣለው። ለራሱ እንደሚናገር ሰው ቀስ ብሎ፣ «ስፖይልድ» አለ። «ኦል ስፖይልድ።»

«ምን አለ?» አሉ ፊታውራሪ።

«እህሉ ሁሉ ተበላሽቷል ነው የሚለው፣ ጌታዬ» አለ በሽር።

«ማን አበላሸው?»

«ማን እንዳበላሸው አላለም። ተበላሽቷል ነው ያለው።»

ጸሐፊው አባተ ጉሮሮውን ጠረገ። ደሴ ሳለ የማታ ትምህርት ተከታትሏል፤ እንግሊዝኛውን የሚያሳይበት አጋጣሚ ግን ብዙም አያገኝም ነበር። «ይቅርታ ጌታዬ፤ ስፖይል ማለት አበላሸ ማለት ነው። እኔም ተምሬዋለሁ። አድራጊ ያለው ግስ ነው» አለ።

ፊታውራሪ ወደ አቶ ውበቱ ዞሩ። ሲፈልጉት የነበረ ዕቃ ድንገት እጃቸው የገባላቸው ይመስሉ ነበር።

«እኔ?» አሉ አቶ ውበቱ። «ጌታዬ፣ እኔማ ጣራው እንዳያፈስ ያ ቆርቆሮ ይምጣ እያልኩ...»

«ዝም በል!»

ሄንክ ምን እየተባባሉ እንደሆነ በሽርን ጠየቀው። በሽር ከየት ጀምሮ እንደሚያስረዳው አሰበና ደከመው። እህሉን ምን እናድርገው ነው የሚሉት አለው። ሄንክም ለከብትም እንዳትሰጡት፣ ጣሉት ብሎ፣ ሆዱን ይዞ ወደ መኪናው ሄደ። በማግስቱም ወደ ደሴ ተመለሰ።

አቶ ውበቱ የታሰሩት መኪናው ከከተማ እንደወጣ ነው።

የቆርቆሮውን ነገር መካነ ሰላም ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ለመጋዘኑ ጣራ ተብሎ ከደሴ የመጣው ቆርቆሮ መጋዘኑ ጋ አልደረሰም። በዚያው ሰሞን ግን የፊታውራሪ አዲሱ ወፍጮ ቤት ሣር ክዳኑን አውልቆ ያብረቀርቅ ጀመር። ሰው አይቷል፤ አይቶም አልፏል። የሚበላው ያጣ ሰው ስለ ሌላ ሰው ጣራ አይከራከርም።

የአቶ ውበቱ ሚስት ወይዘሮ ቦጋለች በማግስቱ በሽር ቤት መጡ። ነጠላቸው በዝናብ ርሷል። ግቡ ቢባሉ አልገቡም፤ ደጃፉ ላይ እንደቆሙ፣

«መምህር፣ በአንድ ቃል ነው አሉኝ የታሰረው» አሉ። «ፈረንጁ የተናገረው ቃል አለ አሉ። ቃሉን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት አሉኝ።»

«ቃሉ ጋሼ ውበቱን አይወነጅልም፣ እትዬ።»

«ታዲያ እንዲያ ብለው ይንገሩልኛ!»

«ነግሬያለሁ። ከተጠየቅሁ ደግሞ እነግራለሁ።»

ወይዘሮ ቦጋለች የራሰ ነጠላቸውን ጨመቁ። «ይጠይቁዎታል» አሉ። «ግን እንዲህ ደክሞዎት ሳይዎ ፈራሁ።»

የተበላሸው ስንዴ ከከተማው በታች ካለው ገደል ተጣለ። ዘበኛ ቆሞበት ነበር፤ ዘበኛው ግን ከአንድ ቀን በላይ አልቆየም። በሽር ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሰዎች በገደሉ መውረጃ ተሰልፈው፣ በቅል፣ በጨርቅ፣ በቀሚሳቸው ጫፍ እየያዙ ሲወጡ አገኛቸው። አንዲት ሴት ስንዴውን በምንጭ ውሃ አጥባ ድንጋይ ላይ አስጥታዋለች። ጠጋ አለና፣

«እናቴ፣ ይኼ እኮ ተበላሽቷል። ያሳምማል» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው፤ እጇ ፍሬውን ከመበተን አላቋረጠም። «ይሸተኛል እኮ።»

 ፈንጠር ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ስትበትን፣ ስታገላብጥ አያት። ከዚያ ተነስቶ ወደ ቤቱ ሄደ። በሳምንቱ ውስጥ ገበያው ዳር ሆድ ቁርጠት የያዛቸው በዙ፤ ከመካከላቸውም ያልተነሱ ነበሩ። በእህሉ ይሁን በረሃቡ የለየ ሰው የለም።

ችሎቱ የሚሰየምበት ቀን ሲቃረብ ፊታውራሪ ክንፈ በሽርን ወፍጮ ቤታቸው አስጠሩት። ወፍጮው አይሠራም ነበር፤ የሚያስፈጭ ከየት ይመጣል? ፊታውራሪ ባዶው ሚዛን አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። ውጭ ዝናብ ይዘንባል፤ አዲሱ ቆርቆሮ ከላይ እንደ ከበሮ ይደበደባል። ለመሰማማት ሁለቱም መጮህ ነበረባቸው።

«ተቀመጥ፣ መምህር። ያባትህን ስም ሰምቻለሁ፤ ቁርአን ያስቀሩ፣ ስንቱን ያስተማሩ ትልቅ ሰው ነበሩ አሉ።»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«እኔ ካንተ ብዙ አልፈልግም። ዳኛው ስለዚያ ቃል ይጠይቅሃል። አባተ አበላሸ ማለት ነው ይላል። ውሸት ነው?»

«ውሸት አይደለም። ግን እሱ ብቻ አይደለም።»

«እንግዲያስ ውሸት ካልሆነ እሱን በል። ሌላውን ተወው። ያልተጠየቁትን መናገር ምን ይሠራል?»

በሽር አላመነታም፤ አልቆረጠምም። የሚሰማው ድካም ብቻ ነበር። ቃል ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ብቻ ሲነገር ምን እንደሚሆን ለእኚህ ሰው ማስረዳት ገደል እንደ መውጣት ሆነበት።

«እግዜሩ ዝናብ ሲሰጥ እንኳ እንከን አይጠፋም» አሉ ፊታውራሪ ወደ ጣራው እያዩ። «አንድ ሰው ይጠየቅበትና ነገሩ ይለቅ። ውበቱ ቢታሰር አንድ ክረምት ነው። አንተም ሚስትህ የዚህ አገር ልጅ ናት፤ ኑሮህ እዚህ ነው። አቀስታ ብርድ ነው፤ ሰው ያለ ወዳጅ አይኖርበትም።»

በሽር አቀስታ አዛውርሃለሁ ማለታቸው መሆኑ ገባው። ተነስቶ እጅ ነሳና ወጣ።

ቤት ሲደርስ ለዓሊማ ነገራት። ጎመን እየቀነጠሰች ሰማችው።

«አቀስታ በእርግጥ ብርድ ነው» አለች። «ጋቢዎቹን ማጠብ አለብኝ።»

በሽር ቀና ብሎ አያት። በዚያ ዓመት ከሰማው ነገር ሁሉ ልቡን ያሳረፈው ይኼ ነበር።

የችሎቱ ቀን አዳራሹ ሞላ። ሰው የመጣው ለፍርዱ ብቻ አይደለም፤ ከዝናብ ለመጠለልም ነው። ዳኛው ሸማቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ጥርሳቸውን የሚያማቸው ይመስል አንድ ጉንጫቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። አቶ ውበቱ በሁለት ፖሊስ መካከል ቆመዋል። ከስተዋል፤ እግራቸው አብጧል። ፊታውራሪ ከፊት ወንበር ላይ ናቸው።

ምስክሮች ቀረቡ። ሁሉም ፈረንጁ «ስፖይልድ» ማለቱን እንደሰሙ ተናገሩ፤ ያን ቃል ከአፋቸው ለማውጣት ግን ተቸገሩ። አንዱ ዘበኛ «ኢስቦይል» ሲል ሰው ሳቀ። ዳኛው ግን አልሳቁም። በሽርን ጠሩት።

«መምህር፣ እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። በዚህ ቃል ውስጥ ሰው አለ ወይስ የለም?»

በሽር ጥያቄው ጥሩ መሆኑን በልቡ መሰከረ። ከተማሪዎቹ አንድም እንዲህ ብሎ ጠይቆት አያውቅም።

«ሊኖርም ላይኖርም ይችላል፣ ክቡር ዳኛ። በኛ ቋንቋ ሁለቱን ለይተን እንናገራለን። ሰው ሲኖርበት አበላሸ እንላለን፤ ሳይኖርበት ተበላሸ እንላለን። በእነሱ ቋንቋ ለሁለቱም አንድ ቃል ይበቃል። ወተት ውሎ አድሮ ሲበላሽ በዚሁ ቃል ነው የሚሉት፤ እዚያ ውስጥ ሰው የለም። እናት ልጇን አቀማጥላ መላ ስታሳጣውም በዚሁ ቃል ይሉታል፤ እዚያ ሰው አለ፣ ክፋት ግን የለም። ዝናብ ሠርግ ሲያበላሽም ያው ነው።»

«ፈረንጁ ሲናገር የትኛውን ነበር?»

«እህሉን ዘግኖ አሸተተና ተናገረ። ማንንም አላየም፤ በማንም ላይ አልጠቆመም። ተበላሽቷል ነው ያለው።»

ዐቃቤ ሕጉ ብድግ አለ። ከትምህርት ቤቱ ያስመጣውን መዝገበ ቃላት ይዟል፤ አባተ ገጹን አስቀድሞ አጥፎለታል። «መምህሩ ያልተናገሩት አለ። መጽሐፉ ይህ ቃል ዘረፈ ማለትም ነው ይላል። ይላል ወይስ አይልም?»

«ይላል። የድሮ አባባል ነው። ጦር ዘምቶ አገር ሲዘርፍ...»

«የድሮ ይሁን የአዲስ አልጠየቅሁም። አለ ወይስ የለም?»

«አለ» አለ በሽር።

አዳራሹ ተንጫጫ። ወይዘሮ ቦጋለች ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት። አቶ ውበቱ ምን እንደተባለ አልገባቸውም፤ አንዴ በሽርን፣ አንዴ ሚስታቸውን ያያሉ። ዐቃቤ ሕጉ ጨርሻለሁ ብሎ ተቀመጠ። ዳኛውም፣ «ተቀመጥ፣ መምህር» አሉ።

በሽር አልተቀመጠም። መቀመጥ ይችል ነበር፤ የተጠየቀውን ሁሉ ሳይዋሽ መልሷል። 

«ክቡር ዳኛ፣ አንድ ነገር ይፈቀድልኝ።»

«ተናገር።»

«ይህን ቃል ቀኑን ሙሉ ብንፈታው እህሉን ማን እንዳበላሸው አይነግረንም። ቃል ምስክር አይሆንም። ሰው ካለበት መጠየቅ ያለበት ጣራው ነው። ለመጋዘኑ የመጣ ቆርቆሮ ነበር። የት እንዳለ እኔ ብነግርዎ አዲስ ነገር አልነግርዎትም። ዝናብ ሲዘንብ ድምፁ ከዚህ ይሰማል።»

 ውጭ ዝናቡ አላባራም ነበርና ሁሉም ሰው፣ ሳይፈልግም ቢሆን፣ ጆሮውን አቀና። ከገበያው ማዶ ከወፍጮ ቤቱ ጣራ የሚመጣው ድብደባ ጥርት ብሎ ተሰማ። ፊታውራሪ ክንፈ ካባቸውን ሰብስበው ብድግ አሉና ማንንም ሳያዩ ወጡ።

ዳኛው ደፋር ሰው አልነበሩም፤ ክፉም አልነበሩም። «ቀጠሮ» አሉ ጉንጫቸውን እንደያዙ። «ችሎቱ ያስብበታል።»

ቀጠሮው ሌላ ቀጠሮ ወለደ። ግንቦት አልፎ ሰኔ ሲገባ ዳኛው አቶ ውበቱ በዋስ ይውጡ፣ ጉዳዩ ለጥቅምት ይታይ ብለው አዘዙ። ጥቅምት ሳይደርስ በአዲስ አበባ መንግሥት ተገለበጠ፤ ሹሙም ዳኛውም ተነሱ፤ ስለ ስንዴው የጠየቀ ሰው አልነበረም። በሰኔ ግን ያ ሁሉ ገና ነው። በሰኔ የሚታወቀው አቶ ውበቱ ዋስ ካገኙ እንደሚወጡ ብቻ ነበር።

በሽር ዋስ ልሁን አለ። በዚያው ሳምንት ወደ አቀስታ ተዛውረሃል የሚል ትእዛዝ ስለደረሰው ግን ከአውራጃው የሚወጣ ሰው ዋስ አይሆንም ተባለ። ያን ጊዜ የዓሊማ አባት ሼህ ሱሌማን ምርኩዛቸውን ይዘው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ቤትና መሬት ያላቸው፣ ደረሳ የሚሏቸውን ተማሪዎች ሰብስበው ቁርአን የሚያስቀሩ ሽማግሌ ናቸው። አባተ ከሹሙ ተልኮ ቃላቸውን ሊቀበል ተቀምጦ ነበር።

«አንቱ ሼህ፣ ይኼ ሰውዬ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። ምንዎ ነው ብዬ ልጻፍ?» አላቸው።

«ጎረቤቴ ነው በል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ?» አሉ ሼህ ሱሌማን። አባተም ጻፈ።

አቶ ውበቱ ሲወጡ ደስ ያላቸው አይመስሉም ነበር። ቤታቸው ገብተው ተኙ፤ ወይዘሮ ቦጋለች እንዳሉት ሲነቁም ግድግዳውን ያያሉ። ሰዎች እንኳን ለዚህ አበቃህ ሊሉ ሲመጡ፣ «እህሉ እኮ እኔ እጅ ላይ ነው የጠፋ» ይላሉ። አይደለም ቢሏቸውም አይሰሙም። በሽር ሁለት ጊዜ ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ስለ ችሎቱ አላነሱም። ስለ በሬዎቻቸው ነበር የሚያወሩት፤ ዳማውና ቦራው እንዴት እንደሚጠመዱ፣ የትኛው ሰነፍ እንደነበር።

በሽርና ዓሊማ ጉዞ የጀመሩት መንገዱ ለመኪና ከተዘጋ በኋላ ነው። ዕቃቸውን በሁለት በቅሎ ጫኑ። ሼህ ሱሌማን ከደጃቸው ላይ ዱዓ አድርገው መረቋቸው። ከተማው ዳር ሲደርሱ አቶ ውበቱ ጋቢያቸውን ተከናንበው መንገዱ ላይ ቆመው አገኟቸው።

«ልሸኛችሁ ብዬ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ እግርዎን ያምዎታል። ይቅርብዎ።»

«አንተም ደክሞሃል። ትሄድ የለም እንዴ?»

አብረው ሄዱ። በቅሎዎቹ ቀደሙ፣ ዓሊማ ከኋላቸው፤ ሁለቱ ወንዶች ከሁሉም በኋላ በዝግታ። ከሁለቱም ወገን ማሳው ታርሷል፤ ዘር ያገኘ ዘርቶበታል፣ ያላገኘ ትቶታል። ዳገቱ ሲጀምር አቶ ውበቱ ትንፋሽ አጠራቸው፤ አንድ ጊዜ አረፉ፣ ደግመው አረፉ። ሦስተኛ ሲያርፉ ቋጥኝ ላይ ተቀመጡና ቀና አላሉም።

«ከዚህ በላይ አልችልም፣ ልጄ።»

«በቂ ነው፣ ጋሼ። እስካሁን የመጡትም ይበዛል።»

አቶ ውበቱ ጎንበስ ብሎ የቆመውን በሽርን አንገቱን ይዘው ጉንጩን ሳሙት።  «በሉ ሂዱ። አላህ ከፊትም ከኋላም ይሁናችሁ» አሉ፤ እንዲህ ማለት በዚያ አገር ለክርስቲያኑም ልማዱ ነው።

«እርስዎም አፊያ ይሁኑ።»

በሽር ጥቂት ወጥቶ ዞር ሲል አቶ ውበቱ እንደተቀመጡ ነበር። ሁለተኛ ሲዞር ጉም መሃላቸው ገብቷል።

የለጋምቦን ብርድና ጭቃ ቀን በቀን እየገፉ አቀስታ ደረሱ። የተሰጣቸው ቤት አንድ ክፍል ነው፤ መስኮቱ ሰሌን ተወትፎበታል። ዓሊማ በረጠበ እንጨት እሳት ለማያያዝ ስትታገል፣ ጭሱ ዓይኗን እያስለቀሳት፣

«በሽር፣ ጠዋት ትምህርት ቤቱን ሄደህ ታየዋለህ?» አለችው።

 ዘወር ብላ አየች። ባሏ ጭቃ የተለደፈበትን ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ያልተፈታው ጓዝ ላይ ጋደም ብሎ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ጋቢውን አለበሰችውና ወደ እሳቷ ተመለሰች።